ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚያነቃው ምንድን ነው? ስለ አስምና ስለ ስሊፕ አፕኒያ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

አስም ያለበት ሰው ለክትትል ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት የአስም ስሜቱ ሌሊት ስንት ጊዜ ከእንቅልፍ እንዳነቃው የሚመለከተው ነው። ታካሚው ትንሽ ያስብና «በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ» ብሎ ይመልሳል። ሐኪሙም ይህን መልስ ይዞ አስሙ በቁጥጥር ሥር አለመዋሉን ይመዘግባል፤ በአፍ የሚሳበውን፣ ብግነትን የሚያበርደውን የስቴሮይድ መድኃኒት መጠን ከፍ ያደርጋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ መልሱ ካልተለወጠ ደግሞ በክኒን የሚወሰድ ስቴሮይድ ይጨምርበታል። ይህ ሁሉ ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የመልሱን ግማሽ አስቀድሞ ይዟል፤ የሚያነቃው አስሙ መሆኑን እንደ ተረጋገጠ ነገር ቆጥሮ ይጀምራልና። በጨለማ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት፣ ልቡ እየደለቀ፣ ባንኖ የሚነሣ ሰው ግን ያነቃው በሳንባው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች መጥበብ ይሁን ወይስ የጉሮሮው መዘጋት በራሱ ሊለየው አይችልም።

የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። እኔም እንደ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቼ ለረጅም ጊዜ የሌሊት ንቃትን ሁሉ በአስም ሒሳብ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ይህ ልማድ ከመዝገብ ላይ ስሕተት ያለፈ ጉዳት አለው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የተሳሳተው ምዝገባ የሚያስከትለው ሕክምና፣ ሳይታወቅ የቀረውን ሁለተኛውን በሽታ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ የሚቋረጥበትን ስሊፕ አፕኒያን፣ ሊያባብሰው ይችላል። ሁለተኛው በሽታ ደግሞ ተመልሶ አስሙን ያባብሳል። ይህ አዙሪት እንዴት እንደሚፈጠር፣ ምን ያህሉ በማስረጃ እንደተረጋገጠና ምን ያህሉ ገና በጥርጣሬ ላይ እንዳለ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ስለ ሁለቱ በሽታዎች በአጭሩ ልናገር። አስም በሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች በብግነት የሚቆጡበት፣ ጡንቻዎቻቸው በቀላሉ የሚኮማተሩበትና በአክታ የሚጠቡበት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 262 ሚሊዮን ሰዎች ከአስም ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ያህል ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ስሊፕ አፕኒያ ደግሞ ችግሩ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ከአፍንጫና ከምላስ ጀርባ ባለው የጉሮሮ ክፍል ላይ ነው። ይህ የጉሮሮ ክፍል እንደ ታችኛው ቧንቧ በለምለም አጥንት የተደገፈ አይደለም፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ስለሚወጥሩት ነው። ሰው ሲተኛ ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ጉሮሮው ጠባብ ከሆነ ወይም ከውጭ በስብ ከተጫነ ተጣብቆ ይዘጋል። አየር ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ አንድ አፕኒያ ተብሎ ይቆጠራል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቋረጥ በጣም ከቀነሰና በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከወረደ ወይም ሰውየው ከባነነ፣ እሱም ይቆጠራል። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ከ5 እስከ 15 ጊዜ የሚደርሰው ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 የሚደርሰው መካከለኛ፣ ከ30 በላይ የሆነው ከባድ ይባላል። በ30 እና በ69 ዓመት መካከል ከሚገኙት የዓለም አዋቂዎች ውስጥ 936 ሚሊዮን ያህሉ ቢያንስ ቀላል የሚባለው አፕኒያ እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ገምቷል፤ 425 ሚሊዮን ያህሉ መካከለኛ ወይም ከባድ የሚባለው ደረጃ ላይ ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች ስትሰሙ አንድ ተገቢ ጥያቄ ወደ አእምሯችሁ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም በሽታዎች ይህን ያህል የተስፋፉ ከሆኑ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ምን ያስደንቃል? እኔም ጥያቄውን በክብር እቀበለዋለሁ፤ በዚህ የምርምር መስክ ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ይህን የአጋጣሚ ነገር ከእውነተኛው ዝምድና መለየት ነበርና። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ሁለቱ በሽታዎች ለምን ያህል ጊዜ ሳይተዋወቁ እንደኖሩ መናገር አለብኝ።

አስም ሌሊት እንደሚብስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ራሱ የአስም ሕመምተኛ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር እ.ኤ.አ. በ1698 ባሳተመው ሥራው በሽታው በእንቅልፍ ሰዓት እንደሚነሣበት ጽፏል። በዘመናችንም በብሪታንያ 7,729 የአስም ሕሙማንን በመጠይቅ ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት፣ 74 በመቶ የሚሆኑት በሳምንት ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ 39 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ በየሌሊቱ ከእንቅልፍ እንደሚነቁ አሳይቷል። ለዚህ እውነተኛ ምክንያት አለ። ሰውነታችን በውስጡ በተተከለው የቀንና የሌሊት ሰዓት ይመራል፤ የሳንባ ቧንቧዎች ከሁሉም ይልቅ የሚጠቡት ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት ሰውነት ራሱ የሚያመርተው የስቴሮይድና የአድሬናሊን መጠን ዝቅ ያለ ነው። እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ያን የመሰለ መጠይቅ ከነቁት ሰዎች መካከል የስንቱ ንቃት ከሳንባ፣ የስንቱ ከጉሮሮ እንደመጣ ሊለይ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እንቅልፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አይደለም። ሕልም የምናይበትና ጡንቻዎቻችን ከሞላ ጎደል የሚዝሉበት የእንቅልፍ ክፍል የሚበዛው በሌሊቱ የመጨረሻ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የጉሮሮ ጡንቻዎችም በዚህ ጊዜ ከምንጊዜውም በላይ ስለሚላሉ በብዙ ሰዎች ላይ አፕኒያ የሚከፋው ያኔ ነው። ስለዚህ አስምና አፕኒያ የሚመጡበት ሰዓት አንድ ነው። ሕመምተኛው «ሁልጊዜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ያነቃኛል» ሲል ሐኪሙ ይህን የአስም ማረጋገጫ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ ሰዓቱ ግን የሁለቱም ምስክር ሊሆን ይችላል።

የአፕኒያ ታሪክ ከአስም ጋር ሲነጻጸር የትናንት ያህል ነው። ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ በመሣሪያ ተመዝግቦ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በፈረንሳይና በጀርመን በሚገኙ ሁለት የተለያዩ የተመራማሪዎች ቡድኖች ነው። ክርስቲያን ጊየሚኖ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በሽታውን ዛሬ በምንጠራበት ስም የገለጸው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ኮሊን ሱሊቫን በአውስትራሊያ ሲድኒ፣ በአፍንጫ በኩል ያለማቋረጥ አየር በግፊት የሚያስገባውንና ሲፓፕ የሚባለውን መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። መሣሪያው ሳንባን የሚያስተነፍስ አይደለም፤ አየሩ ጉሮሮውን ከውስጥ እንደ ድጋፍ ሆኖ ይዞት እንዳይደረመስ ያደርገዋል።

ሱሊቫን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ መሣሪያ አስማቸው ባልተረጋጋና ሌሊት በሚያንኮራፉ ወይም አፕኒያ ባለባቸው ዘጠኝ ሰዎች ላይ ሞከረው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። መሣሪያውን ባደረጉባቸው ሳምንታት የሌሊት የአስም ጥቃታቸው ቀነሰ፤ በጠዋትና በማታ በሚነፉበት መለኪያ የሚታየው የአየር ፍሰታቸው ተሻሻለ፤ መሣሪያው ሲቆም ችግሩ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ትልቅ ሕግ ማውጣት አይቻልም። ይሁንና ጉሮሮን ብቻ የሚይዝ መሣሪያ የሳንባን ቧንቧ ሁኔታ መቀየሩ በእኔ ግምት በዚህ መስክ ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ጥያቄ የሚያነሣው ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ መንገድ ላይ የተቀመጡ መሆናቸውን በተግባር አሳይቷልና።

አሁን ወደ አጋጣሚው ጥያቄ ልመለስ። በካናዳ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በእያንዳንዱ ወገን 26 ሰዎችን አሰልፎ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፋቸውን በመሣሪያ ለካ። ከባድ አስም ካለባቸው 26 ሰዎች በ23ቱ፣ ማለትም በ88 በመቶው፣ በሰዓት 15 እና ከዚያ በላይ የትንፋሽ መቋረጥ ተገኘ። መካከለኛ አስም ካለባቸው በ58 በመቶው፣ አስም ከሌለባቸው ደግሞ በ31 በመቶው ተመሳሳይ ነገር ታየ። ቁጥሩ አስሙ በከበደ መጠን ከፍ እያለ መሄዱ አጋጣሚ ብቻ ነው የሚለውን መልስ ያዳክመዋል። ሆኖም የዚህ ዓይነት ጥናት በአንድ ቅጽበት የተነሣ ፎቶግራፍ እንደማለት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን መቆማቸውን ያሳያል እንጂ ማን ቀድሞ እንደመጣ አይናገርም። ውፍረት ለሁለቱም በሽታዎች መንገድ ስለሚከፍት፣ ሁለቱን ያገናኛቸው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል የሚል ሰውም በዚህ ጥናት ብቻ ተረትቶ ሊቀመጥ አይገባውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጤነኛ ሰዎችን ይዞ ለዓመታት መከታተል ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የግዛቲቱን የመንግሥት ሠራተኞች ይዞ የሚከታተል ትልቅ የእንቅልፍ ጥናት አለ፤ ተሳታፊዎቹ በየአራት ዓመቱ ላቦራቶሪ ውስጥ አድረው ይለካሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚሁ ጥናት የወጣው ጽሑፍ በመጀመሪያው ልኬት አፕኒያ ያልተገኘባቸውን 547 ሰዎች መርጦ፣ አስም ያለባቸውና የሌለባቸው ከአራት ዓመት በኋላ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። አስም ከነበረባቸው 81 ሰዎች መካከል በ22ቱ፣ ማለትም በ27 በመቶው፣ አፕኒያ ተፈጠረ። አስም ካልነበረባቸው 466 ሰዎች መካከል ግን በ75ቱ፣ ማለትም በ16 በመቶው ብቻ ነበር። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሰውነት ክብደትና ሌሎች ምክንያቶች በስሌቱ ውስጥ ተይዘው ሲታይ፣ አስም ያለበት ሰው አፕኒያ የሚይዘው ዕድል 1.39 ጊዜ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አስሙ ዕድሜው በረዘመ መጠን አደጋው መጨመሩ ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል። 1.39 ትልቅ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን የክብደት ተጽዕኖ በስሌት ተነሥቶለትም መቆሙ፣ አስሙ በፊት አፕኒያው በኋላ ሆኖ መታየቱ፣ የዝምድናውን አቅጣጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ እንድናይ አድርጎናል።

ታዲያ አስም እንዴት አድርጎ ወደ ጉሮሮ ይደርሳል? እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ነገሩ የሚማርከኝ ከዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያ አፍንጫ አለ። አስም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የአፍንጫ አለርጂ ወይም የሳይነስ ችግር አለባቸው፤ አፍንጫቸው ሲታፈን አየሩን የሚስቡት በበለጠ ኃይል ነው፤ ለስላሳውን የጉሮሮ ግድግዳ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ይኸው መሳብ ነው። ቀጥሎ የሳንባ መጠን አለ። ሳንባ በአየር ሲሞላ ትልቁን የአየር ቧንቧ ወደ ታች ይስበዋል፤ ይህ ስበት ከላይ ያለውን ጉሮሮ ይወጥረዋል፣ ያጠነክረዋልም። ሰው ሲተኛ በሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ስለሚቀንስ ውጥረቱ ይላላል። አስም ያለበት ሰው ቀን ቀን ሳንባውን ሞልቶ በመያዝ ቧንቧዎቹን ከፍቶ ለማቆየት ይታገላል፤ ሲተኛ ግን ይህን ትግል ይተዋል፤ ስለዚህ በእንቅልፍ የሚያጣው ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ ይሆናል። ሦስተኛው እንቅልፍ ማጣት ራሱ ነው፤ በሳልና በትንፋሽ ማጠር እየተቆራረጠ ያደረ እንቅልፍ ጉሮሮን ይበልጥ ለመደርመስ ያጋልጠዋል። አራተኛው ሕክምናው ነው፤ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

በተቃራኒው መንገድ፣ አፕኒያ አስሙን የሚያባብስበት ሂደት ደግሞ ሌላ ነው። ጉሮሮው በተዘጋበት ሰዓት ደረት አየር ለመሳብ መታገሉን አያቆምም፤ በተዘጋ በር ላይ እንደመጎተት ነው። በደረት ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ የመሳብ ኃይል የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እንዲመለስ ሊያግዝ ይችላል፤ ወደ ጉሮሮና ወደ አየር ቧንቧ የሚደርስ አሲድ ደግሞ አስምን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው። ከሳንባ ቧንቧዎች ጋር የተያያዘው ቬገስ የተባለው ነርቭም በዚህ ትግል ይነሣሣል፤ የእሱ መነሣሣት ቧንቧዎቹን ያኮማትራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምርምር ሰዎችን ትኩረት የሳበው የኦክስጅን መውረድና መውጣት ነው። ከባድ አፕኒያ ባለበት ሰው ደም ውስጥ ኦክስጅን በአንድ ሌሊት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ዝቅ ይልና ተመልሶ ከፍ ይላል። ይህ መውረድና መውጣት በሰውነት ውስጥ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እንዲጨምሩ ያደርጋል። በአይጦች ላይ ይህን የኦክስጅን መዋዠቅ ለሳምንታት በማስመሰል የተደረገ ሙከራ፣ የሳንባ ቧንቧዎቻቸው አወቃቀር እንደሚቀየርና ለአለርጂ የሚሰጡት ምላሽ ከተለመደው እንደሚለይ አሳይቷል። በሰዎችም ዘንድ፣ አስምና አፕኒያ ያለባቸው ሕሙማን አክታ ሲመረመር ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በዝተው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአስም ሕክምና ውስጥ ዋና የሆነው ስቴሮይድ በሌላ ዓይነት ሴሎች ላይ ኃይለኛ ሲሆን በኒውትሮፊሎች ላይ ግን ደካማ ነው። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ የማይሻለው ሰው፣ መድኃኒቱ የማይነካው ብግነት በየሌሊቱ እየታደሰበት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ስቴሮይድ መጣን፤ በዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ይገባኛል። በክኒን የሚወሰድ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ክብደት ይጨምራል፣ ስብ በአንገትና በፊት ዙሪያ እንዲከማች ያደርጋል፣ ጡንቻን ያዳክማል። እነዚህ ሦስቱም ጉሮሮን ለመዘጋት የሚያመቻቹ ናቸው። በአፍ የሚሳበውን ስቴሮይድ በተመለከተ፣ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአፕኒያ ምልክት መብዛቱን ያሳየ ጥናት አለ፤ ነገር ግን ከፍተኛ መጠን የሚወስዱት አስማቸው የከበደባቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ ይሁን በሽታው ከዚህ ብቻ ሊለይ አይችልም። ይህን የምናገረው ማንም ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ የሚስበውን መድኃኒት እንዲያቆም አይደለም፤ አደራ እላችኋለሁ። በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ የአስም ሞትን የቀነሰ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። የምለው ሌላ ነው፤ የሌሊት ንቃት ስለጨመረ ብቻ መጠኑን ደጋግሞ ከማሳደግ በፊት፣ ያነቃው ምን እንደሆነ ማጣራት የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ይህን ባለማድረጋችን ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ሥራ በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ለሕክምና ካስቸገረ አስም ጋር የሚኖሩ 136 ሰዎችን መርምሮ፣ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ከባድ ጥቃት የሚደርስባቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ከሚደርስባቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ አፕኒያ ከተደጋጋሚ ጥቃት ጋር ከተያያዙት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ አፕኒያ ባለበት ሰው ላይ የተደጋጋሚ ጥቃት ዕድል (በኦድስ ስሌት) 3.4 እጥፍ ነበር። የጨጓራ አሲድ መመለስ፣ የሳይነስ በሽታ፣ ተደጋጋሚ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና የሥነ ልቦና ጫናም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና፣ አስሙ ለማይረጋጋ ሰው አፕኒያ እንዲፈለግ ያሳስባል።

ሕክምናውስ ምን ውጤት አሳይቷል? በዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ማስረጃው የተደባለቀ ነው። በስፔን አስምና አፕኒያ ያለባቸው 99 ሰዎች ለስድስት ወራት ሲፓፕ ተጠቀሙ፤ አስማቸው ያልተረጋጋው ሰዎች ድርሻ ከ41.4 በመቶ ወደ 17.2 በመቶ ወረደ፤ የአስም ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ድርሻም ከ35.4 በመቶ ወደ 17.2 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ብዙዎቻችን ተደስተናል። ነገር ግን መሣሪያውን ያልተጠቀመ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረበትም፤ ሰዎች ክትትል ሲደረግላቸው መድኃኒታቸውን በአግባቡ ስለሚወስዱም ሊሻላቸው ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ከሆንግ ኮንግ የወጣው ጥናት ግን ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሦስት ወራት ተከታተለ፤ የቀን እንቅልፍ መጫጫናቸው ቢቀልም የአስማቸው መረጋጋት ካልተጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ አልተለየም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነበር።

ሌላው አስተማሪ ውጤት፣ አፕኒያ ሳይኖርባቸው መሣሪያውን ከተጠቀሙ የአስም ሕሙማን የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 194 ሰዎችን የያዘ ጥናት እንዳሳየው፣ ጉሮሮው ለማይዘጋ ሰው ሲፓፕ የአስም ቧንቧዎችን የመቆጣት ባሕርይ አላሻሻለም። ከዚያ ቀደም ብሎ የተደረገ ትንሽ ሥራም አፕኒያ በሌለባቸው የሌሊት አስም ሕሙማን ላይ መሣሪያው እንቅልፋቸውን እንዳወከ አሳይቷል። ሲፓፕ በራሱ የአስም መድኃኒት አይደለም ማለት ነው፤ የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው የተዘጋውን ስለሚከፍት ነው። እነዚህን «ያልተሳኩ» የሚባሉ ጥናቶች እኔ እንደ ትልቅ አስተዋጽኦ እቆጥራቸዋለሁ፤ ማንን መርምረን ለማን እንደምንሰጥ ይነግሩናልና።

በልጆች ዘንድ ታሪኩ የተለየ ነው። በልጅነት የሚመጣው አፕኒያ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያደጉ ቶንሲሎችና አዲኖይድ የሚባለው ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ ናቸው፤ ሕክምናውም እነሱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ አስም ያለባቸውንና ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 13,506 ልጆች ከአንድ ዓመት በፊትና ከአንድ ዓመት በኋላ አነጻጸረ። የአስም ጥቃታቸው በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ቀዶ ጥገና ባልተደረገላቸው በእጥፍ በሚበዙ የአስም ሕሙማን ልጆች ላይ ግን ለውጡ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ልጆች በዕጣ የተከፈሉ ስላልሆኑ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሆኖም አስም ያለበት ልጅ በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ወላጆቹ «ድካም ነው» ብለው እንዲያልፉት አልመክርም።

በአዋቂዎች ዘንድ በክብደት ላይ የሚሠራው ሥራም ሁለቱንም በሽታዎች በአንድ ጊዜ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚያው ከዊስኮንሲን ጥናት እንደወጣው፣ የሰውነት ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር በሰዓት የሚቆጠረው የትንፋሽ መቋረጥ በ32 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ክብደቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቲርዜፓታይድ የተባለውን በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ላለባቸውና አፕኒያቸው መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነ አዋቂዎች ፈቅዷል። አስምም ያለባቸው ሰዎች ከዚህ መድኃኒት የሚያገኙት ጥቅም በራሱ ሊጠና የሚገባው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ሌሊት ወደነቃው ሰው ልመለስ። ያለ መሣሪያ፣ በንግግር ብቻ፣ ምን መለየት ይቻላል? ከሁሉ በፊት ከነቃ በኋላ ምን እንደሆነ እንጠይቀው። አፕኒያ ያነቃው ሰው እንደ መታነቅ ሆኖ ይባንናል፤ ነገር ግን መንቃቱ ራሱ ጉሮሮውን ስለሚከፍተው ትንፋሹ በጥቂት ሰከንዶች ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይመለስለታል፣ ብዙ ጊዜም ወዲያው መልሶ ይተኛል። አስም ያነቃው ሰው ግን ከነቃም በኋላ ደረቱ እንደተጨነቀ ይቆያል፤ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅና ሳል ይኖረዋል፤ መድኃኒቱን ስቦ ደቂቃዎች ካልጠበቀ አይቀልለውም። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ አፉ ደርቆ የሚነሣ፣ ሙሉ ሌሊት ተኝቶ ቀን እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ወደ አፕኒያ እንድንመለከት ያስገድደናል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን አብሮት የሚተኛው ሰው ነው። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፣ ከቆይታ በኋላ በማንቋረር መመለሱን የሚናገር የትዳር ጓደኛ፣ ከማንኛውም መጠይቅ የተሻለ ነገር ነግሮናል። በክሊኒኬ ውስጥ፣ ታካሚው ከፈቀደ፣ ይህን ሰው ሳላነጋግር ስለ ሌሊት ንቃት ምንም ነገር አልጽፍም።

ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ አይገኝም፤ ሁለቱም ባለበት ሰው ላይ አንዱ ሌላውን ያስነሣል፤ አፕኒያው ያነቃዋል፣ በዚያው ቧንቧው ይጠባል። ለአጠቃላዩ ሕዝብ የተዘጋጁት የአፕኒያ መጠይቆችም አስም ባለበት ሰው ላይ ሲውሉ ይደናገራሉ፤ ድካምና የሌሊት ትንፋሽ ማጠር በሁለቱም ዘንድ ስላሉ። ስለዚህ ጥርጣሬው ካለ፣ ሌሊቱን ሙሉ የአንጎልን ሞገድ፣ የትንፋሽን ፍሰት፣ የደረትን እንቅስቃሴና የኦክስጅንን መጠን አብሮ የሚለካው ፖሊሶምኖግራፊ የተባለው ምርመራ፣ ወይም በቤት የሚደረገው አጠር ያለው ምርመራ ይደረግ።

ሲፓፕ ለጀመረ የአስም ሕመምተኛም አንድ ቃል ልጨምር። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር በግፊት ሲገባ አንዳንዶች ላይ ሳልና የቧንቧ መጥበብ ያስከትላል፤ አየሩን የሚያሞቅና የሚያረጥበው የመሣሪያው ክፍል ለእነዚህ ሰዎች አስፈላጊ ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም። የታፈነ አፍንጫ በቅድሚያ ካልታከመ መሣሪያው በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ ሥር ይገባል። ሐኪሞች በቂ አጠቃቀም የምንለው በሌሊት ቢያንስ አራት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ቀደም ብዬ እንደተናገርሁት አስምም አፕኒያም የሚብሱት በሌሊቱ መጨረሻ ነው። ማታ ሲተኛ አድርጎት ከአራት ሰዓት በኋላ አውልቆ የሚጥለው ሰው፣ በቁጥር በቂ ተጠቃሚ ቢባልም፣ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ባዶውን ያድራል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለቀጣዩ ምርምርም መንገድ ይጠቁማል ብዬ አስባለሁ። እስከ ዛሬ የተደረጉት ሙከራዎች የመሣሪያውን አጠቃቀም በአብዛኛው የለኩት በሰዓት ድምር ነው። የሚያስፈልገን ከባድ አፕኒያና ያልተረጋጋ አስም በአንድነት ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ከባድ ጥቃቶችን አንድ በአንድ የሚቆጥር ጥናት ነው፤ መሣሪያው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ በፊት ላይ መኖር አለመኖሩንም ለይቶ የሚመዘግብ። ዘመናዊው መሣሪያ ይህን መረጃ በየደቂቃው በራሱ ያከማቻል፤ እኛ ግን እስካሁን ድምሩን ብቻ እያነበብን ነው።